ሚጢጢ ሳትከብድ

ጥቅምት 6
ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሌላ ሰው ነጠላ ሰረዝ ስለቅም ዋልኩ። ቤት ስገባ ልጄ ሚጢጢ በሩ ላይ እጆቿን ዘርግታ ጠበቀችኝ። «አባዬ፣ እሽኮኮ።» ጎንበስ አልኩ... ቀና ማለት ግን አቃተኝ፤ ወገቤ ተያዘ። በእንብርክኬ ወደ ሶፋው ሄድኩ። ጨዋታ መስሏት ጀርባዬ ላይ ወጣች።

ጥቅምት 7
ሐኪም ቤት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ካፖርቴ በዕድሜ የሚበልጣት ልጅ ናት። «አባቴ፣ የሆድዎ ጡንቻ ተኝቷል። ጀርባዎ ብቻውን ነው የሚለፋው።» አባቴ። በአርባ አንድ ዓመቴ።
«ልጄን ትከሻዬ ላይ ማውጣት እችላለሁ?»
«ሆድዎ ሲጠነክር። ስንት ዓመቷ ነው?»
«አምስት ሊሞላት ነው።»
«እሷም እኮ ቁጭ ብላ አትጠብቅዎትም።»
እውነቷን ነው። ልጅቷ በየቀኑ ትበላለች። ሳትከብድ መድረስ አለብኝ... እሽቅድምድም ነው እንግዲህ።

ጥቅምት 12
ስለ ሆድ ጡንቻ ሳላነበው የቀረ የለም። ስማቸውን አንድ በአንድ ይዣለሁ፤ እነሱ ግን አያውቁኝም። ምንጣፍ ላይ ተንጋልዬ ሲት አፕ ስሞክር፣ እንደ ተገለበጠ ጥንዚዛ ስፍጨረጨር፣ ሚስቴ መጣች።
«ምን ጠፍቶህ ነው?»
«ወገቤ።»
አሁን አንገቴንም አመመኝ።

ጥቅምት 14
ባለሙያዋ ሳቀች። «ሆድ ብቻውን አይሠራም፣ አባቴ። እግር፣ መቀመጫ፣ ትከሻ፣ ሁሉም ባንድነት ነው። ልጅ የሚያነሡት ተንጋለው ነው እንዴ?»
የታዘዝኩት፦ በአራት እግሬ ሆኜ ቀኝ እጄንና ግራ እግሬን መዘርጋት፣ ከዚያ መቀያየር። ባልዲ ባንድ እጅ ይዞ ሳይንጋደዱ መራመድ። ቁጢጥ ብሎ መነሣት። ትንፋሽ መያዝ ክልክል።

ጥቅምት 25
ባልዲዬን ይዤ ኮሪደሩን ስመላለስ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ በራቸውን ከፈቱ።
«ውኃ ጠፋ እንዴ?»
«የለም እትዬ፣ አለ።»
«ታዲያ ወዴት ነው የምትወስደው?»
«የትም።»
በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ኅዳር 3
የሚስቴ ወንድም መጣ። የጭነት መኪና ሹፌር። አንገት የለውም፤ ትከሻው ከጆሮው ይጀምራል። ሚጢጢን ብድግ፣ እሽኮኮ። ኮርኒሱን ነካች።
«አጎቴ ከአባዬ ይበልጣል» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።
«አይዞህ ጋሼ» አለኝ እሱ ደግሞ ሊያጽናናኝ፣ «አንተ መጽሐፍ ታነብላታለህ።»
ቅናት? እኔ?... አዎ።

ኅዳር 4
ባልዲውን እስከ አፉ ሞላሁት።

ኅዳር 19
መዝገበ ቃላቶቼን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ቁጢጥ ብድግ። ሚስቴ፦ «በመጨረሻ ጥቅም ላይ ዋሉ።» ቀጥላም እንደ ዋዛ፣ «ሚጢጢ ጫማዋ ጠበባት» አለችኝ።
ልጅቷ ማደጓን አላቆመችም ማለት ነው። ምሳዋን ልቀንስባት ይሆን? አባት እንዲህ ያስባል? ይሄን ማንም አያነበውም... ያስባል።

ታኅሣሥ 8
ሥራ ቦታ ወረቀት የሞላ ካርቶን ከወለል አነሣሁ። ቁጢጥ ብዬ፣ ሆዴን ጠበቅ አድርጌ። ጀርባዬ ዝም። ማንም አላጨበጨበም። እንዴት ያሉ ሰዎች ጋ ነው የምሠራው?
ባለሙያዋ ጋ ደወልኩ። «እንግዲህ ይሞክሯት» አለች። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 10
«ነይ» አልኳት። ሚስቴ ትራሶቹን ወለሉ ላይ ደረደረች... ለእኔ ይሁን ለልጅቷ አልጠየቅኩም። ቁጢጥ አልኩ። ሚጢጢ ከሶፋው ወደ ትከሻዬ ተሻገረች። ከብዳለች። እግሬን ተከልኩ፣ ሆዴን አጠበቅኩ፣ ተነፈስኩ... ተነሣን።
ግንባሬን በሁለት እጇ ጨበጠች። ፈራች መሰለኝ።
«ምን ይታይሻል?»
«አባዬ፣ እዚህ ጋ ፀጉር የለህም።» ጣቷን አሳረፈችበት።
ይሄን ያህል ዘመን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሳቅ አፈነኝ። ሆዴ ሳቁንም እሷንም ባንድ ላይ ቻለ።
«እራት ቀርቧል፣ አውርዳት» አለች ሚስቴ።
«አልወርድም» ከላይ።
አላወረድኳትም። በየበሩ ሥር ቁጢጥ እያልን፣ እየተነሣን፣ ቤቱን ስንዞር ሾርባው ቀዘቀዘ።