የብርቱካን መነጽር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ የልጄን የብርቱካንን መነጽር ከሞጣ ተቀብለን ወደ ቢቸና ተመለስን።

ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ ሲሸሽ አማቴ «ሕፃን አይደለች? ስታድግ ይተዋታል» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን አላስችል ብሎኝ ባለፈው ሞጣ ወስጄ ለዓይን ሐኪም አሳየኋት። ሐኪሟ ግራውን ዓይን ስትሸፍንባት ብርቱካን ዝም አለች፤ ቀኙን ስትሸፍንባት ግን እያለቀሰች የሐኪሟን እጅ ገፋችው።

«ግራው እየሰነፈ ነው። እንኳን በጊዜ አመጣሻት» አለችኝ።

ዛሬ መነጽሩን ስታደርግላት ፊት ለፊቷ ቁጭ አልሁ። ብርቱካን ቀና አለች። ሁለቱም ዓይኖቿ እኩል እኔ ላይ አረፉ! ከዚያ ጉንጬን በጣቷ ነካ አደረገች።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ጥቁር ነገር አለሽ!»

«ማርያም ስማኝ ነው» አልኳት፣ እየሳቅሁም እያለቀስሁም።

ጠጋ ብላ እዚያው ላይ ሳመችኝ።