ከጎሬ የመጡት ዶሮዎቼ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 11

ሦስቱም ደህና ገቡ። አይሮፕላን ውስጥ ቅርጫቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መጣሁ፤ ገብስማዋ መንገዱን ሙሉ አንገቷን አውጥታ ደመናውን ስታይ ነበር። እናቴ ናት "ብቸኝነት እንዳይሰማሽ" ብላ የሰጠችኝ። ባሌ ታደሰ ጋምቤላ አስተማሪ ሆኖ ከተመደበ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ገና ዛሬ መድረሴ ነው። አየሩ እንደ እርጥብ ጋቢ ይከብዳል። ቁርጡን ነገርኩት፦ እነዚህ ከሞቱ በሚመጣው አይሮፕላን እመለሳለሁ። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ረቡዕ

የዶሮ ቤት ፍለጋ። ባለሱቁ ሐጅ ኑሩ ባዶ የሻይ ሳጥን አሳዩኝ። "ልጄ፣ ይሄን እባብም አይደፍረው" አሉ። ጠበበኝ፤ ሽታው ግን ደስ ሲል! ጎረቤታችን አሪየት የራሷን ቆጥ አሳየችኝ፤ በአራት ቋሚ ላይ ከፍ ያለ፣ የሸንበቆ፣ ሁለመናው ቀዳዳ። ወንፊት ነው እንጂ ቤት ነው?

ሁለቱንም ትቼ እንደ አገሬ ሠራሁ። ጓሮ ያለውን የማገዶ ቤት በጭቃና በእበት ለቀለቅኩት፤ ንፋስ የሚያስገባ ስንጥቅ አልተውኩም። እናቴ ብታየኝ ትመርቀኝ ነበር።

ሐሙስ

ምርቃቱ ቀረ። ጠዋት ስከፍተው ሦስቱም አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ያለከልካሉ። ብርድ እንዳይነካቸው ብዬ ልፈጃቸው! ብርድ፣ ጋምቤላ ውስጥ! ገብስማዋ ዓይኗን ጨፍናለች።

አሪየት ጩኸቴን ሰምታ መጣች። "ሞቀ። ንፋስ የለም። ጥላ አምጪ" አለችኝ። ማንጎው ሥር ተቀምጠን ውሃ እያንጠባጠብን ለገብስማዋ ስናራግብላት ዋልን። ባሮ ከአጥራችን ማዶ ቀስ ብሎ ይሄዳል። እያየሁት እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ፤ ዶሮዎቼ ውሃው ላይ ቁጭ ብለው ሽቅብ ወደ ጎሬ ሲሄዱ አየሁ፤ እኔን ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። ስነቃ ገብስማዋ ቀሚሴን ትጭራለች። አለቀስኩ።

ዓርብ

መኝታ ቤታችን አደሩ። ታደሰ ሲያስነጥስ ነጋ።

ሳጥኑ ያፍናል። ቆጡ ይተነፍሳል፣ ግን አውሬ ቢመጣስ? አሪየት አልደበቀችኝም። "የእኔ አንድ ዶሮ ሸለምጥማጥ በላ። ሙቀት ግን ሁሉ ይጨርሳል" አለች። ታደሰ ለጃንሆይ ልደት ባንዲራ ሲሰቅል ውሎ መጥቶ ነበር፤ ጫማውን እያወለቀ ሰማን። ቆጡን መረጥኩ። ከአሪየት ጋር ሸንበቆ ስናስር መሸ። አስገብቼያቸው ማሰሪያውን ሁለቴ ፈተሽኩ። ነገ ባዶውን ባገኘውስ?

ቅዳሜ

ወገግ ሲል የወባ ትንኝ ቀሰቀሰኝ። ፊቴ ሁሉ ተበልቷል። አጎበሩ የለም። ታደሰም የለም።

ወጣሁ። ከባሮ የተነሣው ጉም ጓሮውን ሞልቶታል፤ መሐሉ ላይ ነጭ ነገር ቆሟል። አይሮፕላን ላይ ያየነው ደመና ወርዶ የጠበቀኝ መሰለኝ። ቀረብ ስል አጎበራችን ነው። ከቆጡ ወለል ወደ ታች አንጠልጥሎት፣ ታደሰ ከሥሩ ወንበር ላይ ዱላ ታቅፎ ተኝቷል። ሦስቱም ከላይ ያጉረመርማሉ፤ አጎበሩ አናት ላይ ኩሳቸውን ጥለውበታል።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

ዓይኑን ሳይገልጥ "ማክሰኞ አይሮፕላን አለ" አለኝ።

አጎበሩን ገልጬ ገባሁ። ወንበሩ ለሁለት አይበቃም፤ እንደምንም ተቀመጥን። ዛሬ ከሐጅ ኑሩ ሱቅ ሌላ አጎበር እንገዛለን፤ ይሄ ከእንግዲህ አይታጠብም።