ኮራሎቹ ለምን ገረጡ?

ማክሰኞ ኅዳር 9፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ሙቀት 25.5። ጨው ደህና። ፒኤች ደህና። ሐምራዊው ኮራል ግን አናቱ ገርጥቷል፤ አረንጓዴውም ተከትሎታል። ጣቶቻቸውን ሰብስበው ተኮራምተዋል።

ደብተሬ፣ እንደ ሰዉ ሁሉ አንቺም ድንጋይ እንዳይመስሉሽ። እንስሳ ናቸው። ቀለማቸው በአብዛኛው ሥጋቸው ውስጥ ካስጠለሏቸው ጥቃቅን አልጌዎች ነው። ኮራሉ ቤት ይሰጣል፣ አልጌዎቹ ምግብ ይሠራሉ። ኑሮ ሲከፋው ተከራዮቹን ያባርርና ነጭ አጥንቱ ይታያል። ቶሎ ካልተመለሱለት በረሃብ ይሞታል። የቤተ ሙከራውን የኮራል ገንዳ አደራ ብሎኝ የተዛወረው መምህር ይህን ቢያይ ምን ይለኛል?

የኔ ምርመራ፦ መብራት በዝቷል። መብራት ሲበዛ የሚገረጣው ከላይ ነው፤ እነዚህም የገረጡት ከላይ ነው። አበቃ። መብራቱን አንድ ስንዝር ከፍ አደረግሁት። እኔ ካልሁ አልሁ ነው።

ሐሙስ ኅዳር 11፣ ከሰዓት 11 ሰዓት

ብሶባቸዋል። ውኃውን ደግሜ መረመርሁ፤ እንከን አላገኘሁም።

የት/ክፍሉ ኃላፊ ገቡ። ቆመው አዩ። ክፍሉ ለማይክሮስኮፖች ይፈለጋል አሉ፤ እስከ ረቡዕ ምክንያቱ ታውቆ መሻሻል ካልታየ ገንዳው ይደፋ። ይደፋ! እንደ እጣቢ። ምክንያቱን በጽሑፍ አቅርቢ አሉኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍሁ፦ ምክንያቱ የበዛው መብራት ነው፣ በደካማ ይለወጥ። ፈረምሁ። እጄ እንኳ አላመነታም።

ስወጣ እትዬ ጥሩወርቅ ገቡ፤ ጠዋትና ማታ ቤተ ሙከራውን የሚያጸዱት። ጉንፋን ይዟቸዋል። በዚህ ብርድ ጋቢዎን የት ጣሉት ብላቸው፣ ሥራ ላይ ያደናቅፈኛል አሉና ፊታቸውን አዞሩ። «ልጆቹስ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ኮራሎቹን ነው። አላማረባቸውም አልሁ። ነገ ሚካኤል ስለሆነ አይገቡም፤ ስለት እሳልላቸዋለሁ አሉ።

ዓርብ ኅዳር 12

ሚካኤል። አምስት ደቂቃ ብቻ ገብቼ ለካሁ፣ 25። ከዚያ ዘመድ ቤት፣ ጠላ፣ ጨዋታ። አጎቴ ያን የባሕር ድንጋይሽን መቼ ነው የምትቀቅይው ብሎ አሳቀብኝ። ለሁሉም በልበ ሙሉነት መለስሁ፦ መብራት ነው፣ ይድናሉ።

ሰኞ ኅዳር 15፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ተከፍተዋል! ቀለሙ ገና ነው፤ ጣቶቻቸውን ግን እንዳማረባቸው ዘርግተዋል። አላልሁም?

ከሰዓት 8 ሰዓት

እስኪ ቆይ። ገጾችሽን ወደ ኋላ ገለጥሁ። ኅዳር 8፦ ተከፍተዋል። ኅዳር 1፦ ተከፍተዋል። ጥቅምት 24፦ ተከፍተዋል። ሁሉም ሰኞ! ማክሰኞ ሲሆን መኮራመት። መብራቱን ደግሞ ያኔ አልነካሁትም። ስለዚህ መብራት አይደለም። ወይ ጉድ! የፈረምሁበት ወረቀት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል።

ቅዳሜና እሁድ የሌለ፣ በሥራ ቀን ያለ ነገር። ምን? ሙቀቱን የምለካው ጠዋት 3 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ጉረኛ! ዛሬ አመሻለሁ።

ምሽት 2 ሰዓት

በ10 ሰዓት 26። በ11 ሰዓትም 26። ሻይ ልጠጣ ወጣ አልሁና ወሬ ያዘኝ። 1 ሰዓት ላይ ስመለስ ገንዳው ከነመብራቱ በጋቢ ተጠቅልሏል። ከታች መብራት፣ ከላይ ጋቢ። ቴርሞሜትሩ 29፤ መብራቱ ሊጠፋ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። እሳት አለመነሳቱ የሚካኤል ሥራ ነው።

እትዬ ላይ ጮኽሁባቸው። ገደሏቸው እኮ አልሁ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉትን ሴት። ቀስ ብለው፦ «አንች አይደለሽ እንዴ፣ ያኔ መብራት የጠፋ ለት፣ ብርድ ይገድላቸዋል አደራ ያልሽኝ?»

ነኝ። እኔው ነኝ። በጥቅምት ብያለሁ፤ ብዬ ረሳሁት። እሳቸው አልረሱም። ማታ አልብሰው ይሄዳሉ፤ ጠዋት በ12 ተኩል ገልጠው፣ መስኮት ከፍተው ይወለውላሉ። እኔ 3 ሰዓት ስደርስ ውኃው ቀዝቅዟል። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የሚገልጥላቸው ስለሌለ አያለብሱም። በዚህ አገር ሙቀት ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል? ራሱን ያመመውም፣ ወገቡን የያዘውም ብርድ መታኝ ነው የሚለው።

ጋቢው ደግሞ ያላቸው አንድ ነው። ለኮራሎቹ አልብሰው እሳቸው በቀሚስ ብቻ ወደ ቤት። አለቀስሁ። እሳቸው እኔን ማባበል ያዙ፤ ይባስ አለቀስሁ።

ማክሰኞ ኅዳር 16፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

ሳይለብሱ አደሩ። ማክሰኞ ነው፣ ተከፍተዋል! ምክንያቱ ሙቀቱ ነው፤ አሁን በመሐላ እናገራለሁ። ቀለሙ በሳምንታት ይመለሳል።

ጩኸቴን ማን እንደሰማ እንጃ፣ የጋቢው ወሬ ግን ኃላፊው ጋ ደርሷል። ጠሩኝ። ያለበሰውን ሰው ስም ጽፈሽ አምጪ አሉ፤ ጥፋተኛው ከታወቀ ለገንዳው ጊዜ ይሰጣል። የእትዬ ኮንትራት በታኅሣሥ ያልቃል። ኃላፊውም እኔም ይህን እናውቃለን። ስሙን ጻፊ፣ ኮራሎችሽን ውሰጂ ነው ነገሩ። ባዶ ወረቀት ይዤ ወጣሁ።

ረቡዕ ኅዳር 17፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል

ጻፍሁ። ምን እንደጻፍሁ ከኔ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ አንቺ ደግሞ ዝም ማለት ታውቂያለሽ። እንዲህ ይላል፦

«ኮራሎቹ የገረጡት በሙቀት ነው። ገንዳው ከብርድ እንዲጠበቅ ያዘዝሁ እኔ ነኝ። በቀን አንዴ ብቻ የለካሁት እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት መብራት ነው ብዬ የፈረምሁትም ስሕተት ነው። ሌላ ጥፋተኛ የለም።»

ጊዜ ከሰጡኝ አድናቸዋለሁ፤ በዚህ አልጠራጠርም። ካልሰጡኝ፣ ሲደፉ ቆሜ አያለሁ፤ አንጀቴ ቢቃጠልም አያለሁ። የእትዬ እንጀራ ግን በኔ እጅ አይቆረጥም።

ፈረምሁ። የኃላፊው በር ሲከፈት ተሰማኝ። ልሂድ፣ ሳይቀመጡ ልድረስባቸው።