የአሮጊቶቹ ባሕር

ይድረስ ለእትዬ ኦክሱን፣ ኦሳካ።

እንደምን ከርመሻል? የጉልበትሽ ቁርጥማት ተወት አደረገሽ? የባልሽስ ሳል? የልጅ ልጅሽ ትንሿ ሚሆ ትምህርት ጀመረች? እኔ ጆሮዬ ከመጮኹ በቀር ደህና ነኝ፤ ዛሬም ባሕር እጠልቃለሁ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቴም ደሜ ፈላ። «ረጋ በይ፣ ቻንግጊልን አታስቀይሚው» ትይኛለሽ። የባልሽ ወንድምና የመንደሩ ሊቀመንበር ስለሆነ ነው?

እሱ ግማሹን ነው የጻፈልሽ። አንድ የሆቴል ባለቤት ከከተማ መጣና የባሕር ቀንድ አውጣ በየቀኑ ካልቀረበልኝ አለ። ጥልቁ ደግሞ ዘንድሮ ነጥፏል። ቀንድ አውጣ የምንለቅመው ጠላቂዎች አለቃ እኔ ነኝና ቻንግጊል መጥቶ፣ ለአሮጊቶች የተተወውን የዳሩን ውሃ ለሁሉም ክፈቺው አለኝ። ሰባ ዓመት ያልሞላት እግሯን የማታስገባበትን! «ዶልሱን እኮ ሰማንያ ሁለቷ ነው፤ ቤቷ ቁጭ ብላ ፀሐይ አትሞቅም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔንም አንቺንም መጥለቅ ባስተማረችን በእማማ ዶልሱን ላይ ሳቀ።

እምቢ አልኩ። ሴቶቹን አንድ በአንድ እየጠራ አሳመፀብኝ። ከውሃ ወጥተን እሳት ስንሞቅ፣ ትንፋሽ መያዝ ያስተማርኳት ዮንግሺል እንኳ «አለቃ፣ ልጆቻችን አሮጊት እያዩ ይጥገቡ?» አለችኝ። ይኼ አንጀቴን በላው፤ ልጆቿ እውነትም ቸግሯቸዋል። በማግስቱ ቻንግጊል በሁሉም ፊት «ወይ ክፈቺ፣ ወይ ቦታሽን ልቀቂ» ብሎ ጮኸ። ከእሳቱ ዙሪያ ጭስ የማይደርስበትን የአለቃ መቀመጫ ማለቱ ነው፤ ሃያ ዓመት ተቀምጬበታለሁ። «መቀመጫው ይኸውላችሁ። ባሕሩ ግን የእኔ አይደለም፣ ምኑን ልስጣችሁ?» አልኩና ተነሥቼ ከጀማሪዎቹ ጋር ጭሱ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ያ መቀመጫ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ዮንግሺልን ተቀመጪ ቢሏት አቀርቅራ ቀረች። አለቃ ካልፈቀደች ደግሞ ውሃው አይከፈትምና ቻንግጊል በንዴት ሊፈነዳ ደርሷል። ይፈንዳ!

እኔን ያንገበገበኝ ግን የአንቺ ነገር ነው። አምና «እርጅናዬን አገሬ ገብቼ ከእማማ ዶልሱን ጎን እጠልቃለሁ» ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም? ስልሳ ስምንት ሞላሽ፤ ሁለት ዓመት ቀረሽ። እትዬ፣ አሳልፈሽ ስጪ ብለሽ የለመንሽኝ የራስሽን ባሕር ነው።

ባልሽን እግዜር ይማርህ በይልኝ። ሚሆን ጉንጯን ሳሚልኝ። እማማ ዶልሱን «መቼ ነው የምትመጣው?» ትልሻለች፤ ደብዳቤሽን አላነበብኩላትም። ለቻንግጊል ስትጽፊ ግን ከእኔ ሰላምታ እንዳትጨምሪ።

ጭስ ውስጥ ያለችው እህትሽ፣
ጆንግሺም

ጄጁ ደሴት፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1983