ሳይባል የቀረው እልልታ

ታኅሣሥ 29 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ቀየት

የልጅ ልጄ አስካለ ያለ ባል አርግዛ ከዓለም ከተማ መጥታ፣ እኛ ቤት ወንድ ልጅ ከተገላገለች ሳምንት አለፈ። ባለቤቴ ወርቄ ግን ጎረቤቶቹን እልል እንዳይሉ ከለከለች። ለአራሷ ገንፎውን ታቀርባለች እንጂ ሕፃኑን ዞር ብላ አታየውም። አስካለ ወደ ግድግዳው ዞራ ስታለቅስ አይቻታለሁ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ፣ «እግዜር ልጁን የሰጠን ይገባቸዋል ብሎ አይደለም፤ ወዶን ነው» ብለው ሰበኩ። ወርቄም በሴቶቹ በኩል ሆና ከንፈሯን እየመጠጠች ታዳምጣለች።

ቤት እንደገባን ሕፃኑን አቀፍኩና እልል አልኩ። ድምፄ እንደታነቀ አውራ ዶሮ ሆነ።

«አንቱ ሰውዬ! ወንድ እልል ይላል? ጎረቤት ምን ይለናል!»

«ለጌታ ልደት ጉሮሮሽ እስኪደርቅ እልል ስትይ አልነበር? ይሄኛውንስ ማን ሰጠን?»

ወርቄ ጠጋ ብላ፣ «ደግሞ እንደሱ አይባልም፤ ምላስ እንዲህ ነው የሚደረገው» ብላ ልታሳየኝ ጀመረች። መሃል ላይ ሳግ ያዛት፤ ግን አላቆመችም። አስካለ ከመደቧ ቀና አለች።

«አንገቱን ደግፉት እንጂ!» ብላ ወርቄ ልጁን ከእጄ ነጠቀችኝ። ይኸው ይህን እስክጽፍ ድረስ አልመለሰችልኝም።