ላንቺ ያልተነሳሁበት ቀን

ውድ ሚዶሪ፣

ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ውባንቺ ትጽፋለች፤ ኋላ ወደ እንግሊዝኛ ትገለብጠዋለች። ለስለስ ያለ ነገር ካገኘሽበት እሷ የጨመረችው ነው።

ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከበላያችን ያለው ፎቅ ስትገቢ ሥራ ያለሽ አልመሰለኝም ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃ ሲፈላ በካሜራ ስትቀርጪ አይቼ፣ "ይቺ ጃፓናዊት ሻይ ሳትጠጣ ልትሞት ነው" ብያለሁ። ሃርልስደን ባዶ ሱቅ ውስጥ የመጀመሪያውን ኤግዚቢሽንሽን ስትከፍቺ የመጣነው እኔና አንድ ውሻ ነበርን። ውሻው ቀድሞኝ ወጣ።

ከዚያ እኔኑ ካሜራሽ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥሽኝ። "አንድ ሰዓት፣ ሳትንቀሳቀስ" አልሽ። መብራት የምትይዘው ሴትዮ ገባች፤ ብድግ ብዬ "ኖር!" አልኳት።

"ሚስተር ኪዳኔ፣ እባክህ አትነሳ!"

ፖስተኛው ገባ፤ ብድግ።

"ሰው ሲገባ ተጎልቼ ልቅር? ማን ያሳደገኝ መሰለሽ?"

አስራ አንድ ጊዜ ተነሳሁ። አንቺም ተስፋ ቆርጠሽ ቪዲዮውን እንዳለ ተውሽው።

በዚያ ቪዲዮ ታወቅሽ። በርሊን ሄደ፣ ኒውዮርክ ሄደ። እኔ ግን መጀመሪያ የታየ ቀን ሰዉ ሲስቅ ሰምቼ፣ መሣቂያ አደረገችኝ ብዬ አኮረፍኩ። ጠቅልለሽ ኪዮቶ ልትገቢ ስትይ ልትሰናበቺኝ መጣሽ። አልተነሳሁም። ለፖስተኛ የተነሳሁ ሰውዬ ላንቺ አልተነሳሁም። ትንሽ ቆመሽ አየሽኝና ወጣሽ። ይኸው ስምንት ዓመት ሙሉ "ጉልበቴን አሞኝ ነው" ስል ኖርኩ። ውሸት ነው። ውባንቺ፣ ጻፊው!

("አባዬ፣ እየጻፍኩ ነው" ትላለች።)

ባለፈው ማክሰኞ የዕድሜ ልክ ሥራሽን ወደሚያሳዩበት ሙዚየም ወሰደችኝ። ጨለማ ክፍል፣ ግድግዳውን የሞላሁት እኔ። ከዘራ የያዘ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ገባ፤ ቪዲዮው ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ያለሁት እኔ ብድግ አልኩ። ሰውዬው እየሳቀ ባርኔጣውን አወለቀልኝ። ያኔ ገባኝ። ሰዉ የሚስቀው የማያውቀው ሰው ብድግ ሲልለት ደስ ብሎት ኖሯል። እኔም ከአግዳሚው ተነስቼ "ኖር!" ብዬ ብጮህ፣ ጥበቃው "ሰር፣ አር ዩ ኦኬ?" እያለ ሮጦ መጣ።

ቅዳሜ አንቺ ራስሽ ሙዚየሙ ትመጫለሽ አሉ። ከፊት ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ። ጉልበቴ አሁን የምሩን ያመኛል፤ ስለዚህ ቀስ ብለሽ ግቢ፣ የምነሳበት ጊዜ ስጪኝ። "በእግዜር" ማለትሽንም እንዳትረሺ፤ አስተምሬሻለሁ።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤትሽ ኪዳነወልድ፤
ይኸው አውራ ጣቴ።