ስለ መጠለያው በርና ስለ ሦስተኛው ግብዣ

ባግስታን፣ ዴይ ወር 21 ቀን

ለክቡር አጋ ፋራማርዝ ካርዳን
የባግስታን ከተማ ተራራ ወጪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ ቤትዎም የሞቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ለጆሮዎ ደኅንነት እጅግ እጨነቃለሁ። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ «እኔ ከመጠለያው ውጭ ምንም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም» ሲሉ የአዳራሹ ሰው በሙሉ ወለል ወለሉን ያይ ስለ ነበር፣ ወይ እርስዎ ወይ እኛ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለብን ተረድቻለሁ።

እኔ ጎልናር ዛርጋር፣ የማኅበሩ አባል ቁጥር አርባ አንድ፣ ካቻምና በዚሁ የበረዶ ወር ከፒር ኩህ ተራራ ያልተመለሰው የሻፑር ዛርጋር እህት ነኝ። ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍኩት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አራቱ መልስ ስላላገኙ ነው፤ ምናልባት ፖስታ መክፈት ለክቡርነትዎ በር የመክፈት ያህል ከብዶ ይሆናል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በመጪው ሐሙስ «ከበረዶ እስከ አሸዋ» የተባለው ጉዞ ከመነሣቱ በፊት፣ በተራራው መጠለያ በር ላይ እንዲታሰር ያዘዙት ማስታወቂያ ይሻር፤ በሩም በጓጉንቸር አይቆለፍ። ወደ ልመናዬ ከመድረሴ በፊት ግን ሥርዓት ነውና ቅሬታዬን በቁጥር፣ ምስጋናዬን በመሐል በመሐል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፕሮግራሙ። በዚህ አገር ጉዞ ማቀድን እንደ እርስዎ የተካነ የለም። የካቻምናውን ወረቀት እስከ ዛሬ በቦርሳዬ ይዤው እዞራለሁ። ሐሙስ ጠዋት ከመስጊዱ አደባባይ መነሻ፤ ቀትር ላይ በረዶው ሲጀምር ሻይ፤ አሥር ሰዓት ላይ መጠለያ፤ ዐርብ ጠዋት ጫፉ ላይ ፎቶ፤ ከዚያ በደቡቡ ሸለቆ ወደ በረሃው ቁልቁል፤ አሥር ሰዓት ላይ ከብቸኛዋ ዛፍ ሥር ድንኳን መትከል፤ እሳት፣ ተምር፣ ግጥም። በአንድ ቀን ልዩነት ከበረዶ ወደ አሸዋ የሚያወርድ ዕቅድ ማን ያወጣል? ለፎቶ ሃያ ደቂቃ ተመድቧል፤ ለግጥም አርባ ደቂቃ። ለንፋስ ግን አንድም ደቂቃ አልተያዘለትም፤ እሱም ሳይጋበዝ ገባ። ንፋስ እንደ እኛ ይሉኝታ አያውቅም። የዕቃ ዝርዝሩም እንዲሁ የተሟላ ነበር፤ ለበረዶው ከጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ፣ ለአሸዋው የፀሐይ መነጽር፣ ለሁለቱም «መልካም ጠባይ»። ወንድሜ ከሁሉ አብዝቶ የያዘው ይህን የመጨረሻውን ነበር። ክብደቱን የነገረው ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ስለ ስም ዝርዝሩ። መጠለያው ስምንት የመኝታ ጣውላ እንዳለው ክቡርነትዎ ያውቃሉ፤ የቆጠሩትም እርስዎ ነዎት። ነገር ግን ሰው እየመጣ «ቦታ ከተገኘ» ባለ ቁጥር እርስዎ «ለእርስዎማ ዓይኔ ላይ ቦታ አለ» ሲሉ፣ ዐሥራ ሦስት ሰው ዓይንዎ ላይ ሰፈረ። ከዓይንዎ ወርደን መጠለያው ስንደርስ አምስቱ ድንኳን ደረሳቸው። ሻፑር ከስምንቱ አንዱ ነበር፤ ከቴህራን የመጡት የጥርስ ሐኪም ግን በረዶው ላይ ቆመው ሲንቀጠቀጡ አያቸውና ጣውላውን ሰጣቸው። ሐኪሙ «በፍጹም አይሆንም» አሉ። «ግዴለም፣ እኔ ድንኳን እወዳለሁ» አላቸው። «ኧረ አይሆንም» አሉ። «በሞቴ ይተኙበት» አላቸው። ተኙበት።

የእኛን ሕግ መቼም ለእርስዎ አላስተምርም። የተጋበዘ ሰው አንዴ እምቢ ይላል፣ ሁለቴ እምቢ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ በሞቴ ሲባል ይገባል። ወንድሜ ሦስተኛውን ግብዣ ለማንም ነፍጎ አያውቅም። በማግስቱ ጠዋት የሻፑር ድንኳን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀዶ፣ ውስጡ በረዶ ሞልቶ ተገኘ። ዱካው ወደ ደቡቡ ሸለቆ ትንሽ ወረደና ጠፋ።

ሦስተኛ። ይህን ቁጥር ለጊዜው ባዶ ትቼዋለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ማኅበራችን ሦስተኛ የሆነን ነገር መዝለል ልማዱ ስለሆነ እንደማይከፋዎት አምናለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ቃለ ጉባኤው። ሁለት ቀን ተፈልጎ ሲታጣ፣ ማኅበሩ «ግለሰቡ በራሱ ፈቃድ ከፕሮግራሙ ተለይቷል» ብሎ መዝግቧል። ለአገላለጹ ውበት አመሰግናለሁ፤ ለእናቴም እንዲያነቡላት አልፈቀድኩም። ዳሩ ግን ስሕተት አለበት። በጸደይ አንድ ግመል ጠባቂ የወንድሜን ፔርሙዝ በረሃው ውስጥ አገኘው፤ ከብቸኛዋ ዛፍ ሥር፣ በፕሮግራሙ ድንኳን ይተከላል በተባለበት ቦታ። አልወደቀም፤ አሸዋው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ክዳኑ እንደ ተዘጋ ነው፤ ሐሙስ ዕለት የተሞላለት ውሃም አልጎደለም። አካባቢው ሁሉ ታሰሰ፤ ከፔርሙዙ በቀር ምንም አልተገኘም። እንግዲህ ከዐሥራ ሦስታችን ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው የፈጸመው ሻፑር ብቻ ነው ማለት ነው፤ ቀድሞ ደርሶ፣ ሌሎቻችን ሳንመጣ መጠጣት ነውር ስለ መሰለው የጠበቀን ይመስላል። ማኅበሩ ይህን ሲሰማ የጻፈልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ፔርሙዙ ላይ የማኅበሩ ምልክት የተለጠፈ በመሆኑ እንዲመለስ ይጠይቃል። አልመለስኩትም። ውሃውንም አልደፋሁትም።

አምስተኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። ከአምና ጀምሮ መጠለያው ውስጥ ያደረ ሁሉ የሚያወራው አንድ ነው። አመሻሽ ላይ በሩ ይንኳኳል፤ በቀስታ፣ የተኛ ሰው እንዳይረበሽ በሚሳሳ ጣት። ሲከፈት በረዶው ላይ ዱካ የለም። በቅሎ ነጂዎቹ ደግሞ «አላስቸግራችሁም» የሚል ድምፅ ሰምተናል ይላሉ። ክቡርነትዎ የተማሩ ሰው ነዎትና «መንፈስ የሚባል ነገር የለም» ብለው በስብሰባ አወጁ፤ በማግስቱም «ከመሸ በኋላ በሩ ቢንኳኳ አለመክፈት ግዴታ ነው» የሚል ማስታወቂያ በአራት ብሎን አሳሰሩ። ለሌለ መንፈስ በር እንዳይከፈት መመሪያ ያወጣ መሪ ስላለን እንኮራለን።

መመሪያው ሥራ ላይ የዋለው ከሃያ ቀን በፊት ነው። ማህታብ የምትባል የነርስ ተማሪ ከጓደኞቿ ተለይታ፣ በበረዶ ውሽንፍር መንገድ ስታ መጠለያው ደረሰችና አንኳኳች። ውስጥ የነበሩት ስድስት አባሎቻችን ማስታወቂያውን አክብረው ብርድ ልብሳቸውን ተከናነቡ። ልጅቱ እስኪነጋ ከበቅሎዎቹ ጋጣ ተጠግታ ተቀመጠች፤ ሁለት የእግር ጣቶቿ ተቆርጠዋል። በስብሰባው ላይ እርስዎ በአባትነት ድምፅ «ልጄ፣ ታዲያ ምነው ስምሽን ብትናገሪ?» አሏት። «ተናገርኩ እኮ፣ አጋ። ሰዎቹ ጮክ ብለው ዱዓ ያደርጉ ነበር» አለችዎት። ማኅበሩም ችግሩን ከሥሩ ለመንቀል ወሰነ፤ ከራሱ ጉዞዎች በቀር የበረዶው ወራት እስኪያልፍ በሩ በጓጉንቸር እንዲዘጋ። ያልተከፈተ በር ያስከተለውን ጉዳት የማይከፈት በር ያድነዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛ ልመለስ።

በዚያች ሐሙስ አመሻሽ ስምንታችን ጣውላችን ላይ ነበርን። እርስዎ ከበሩ አጠገብ፣ እኔ ከግድግዳው ጥግ። የናፍጣ ምድጃው ገና መጋሉ ነበር። በሩ ተንኳኳ፤ ገርበብ አደረጉት። ሻፑር ቅንድቡ ድረስ በረዶ ለብሶ፣ ፔርሙዙን ይዞ ቆሟል።

«ትንሽ ትኩስ ውሃ ብቻ። አላስቸግራችሁም» አለ።

ውሃው ተሞላለት። «ግባ እንጂ፣ ሻፑር ጃን» አሉት እርስዎ። «ግዴለም፣ ድንኳኔ ምርጥ ነው» አለ። ድንኳኑ ያን ጊዜ ሳይቀደድ አልቀረም፤ ግን እሱ ይህን ከተናገረ መለመን ይሆንበታል። የጥርስ ሐኪሙ ከጣውላቸው ላይ «ሙቀቱ እየወጣ ነው፣ ወይ ይግባ ወይ ይዘጋ» ብለው አጉረመረሙ። ቀጥሎ ሁለተኛው ግብዣ መጣ፤ «ኧረ ግባ» የሚል ድምፅ ከአንድ የመኝታ ከረጢት ውስጥ። «ተኙ፣ ተኙ፣ ደክሟችኋል» አለ ሻፑር። ይህን ብሎ አልሄደም። ቆመ። ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆመ አላውቅም፤ ሦስተኛውን አንድ ሰው ለማለት ግን ይበቃ ነበር። ሁላችንም ሌላው ይለዋል ብለን ጠበቅን። በሩ ተዘጋ።

በአራቱ ደብዳቤዎቼ ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ፤ እርስዎም በጨዋነትዎ አላስታወሱኝም። ሁለተኛውን ግብዣ ያልኩት እኔ ነኝ። ራሴን ከከረጢቱ ሳላወጣ ነው ያልኩት። ወንድሜ በእናታችን ማዕድ ላይ እንኳ በሞቴ ካልተባለ ቁራሽ እንደማያነሣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ እዚያ አልነበረም። እግሬ ገና መሞቁ ነበር።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከሁለተኛዋ ጥፋተኛ ለአንደኛው የተላከ አድርገው ይቁጠሩልኝ።

የቀረኝ አጭር ነው። ባለፈው ማክሰኞ ማስታወቂያውን በገዛ እጄ ልነቅል ብቻዬን ወጣሁ። ጉሙ ከባድ ስለ ነበር ቀትሩ አመሻሽ ይመስላል። ለአራት ብሎን የያዝኩት የምሳ ቢላዋ ነበርና አልሆነልኝም። ገብቼ ሻይ ጥጄ ሳለ በሩ በቀስታ ተንኳኳ።

«ግባ» አልኩ።

«አላስቸግርሽም» አለ ድምፁ።

«ኧረ ግባ» አልኩ።

«ግዴለም፣ እዚሁ ውጭ ጨርሼ እሄዳለሁ።»

ካቻምና ያልተነሣሁትን ተነሣሁ። በሩን በሁለት እጄ ከፍቼ «በሞቴ ግባ» አልኩ።

ብረት ሠሪው ኡስታ ራጃብ ነበሩ፤ እርስዎ የላኩትን ጓጉንቸር በእጃቸው አንጠልጥለው፣ መፍቻቸውን በቀበቶአቸው ሸጉጠው። ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። በሩን እንደ ያዙ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉና ወደ ጉሙ ዞረው «ቅደም እንጂ፣ ብርድ ነው» አሉ። ከኋላቸው ማንም አልነበረም።

«ከማን ጋር ነው የመጡት፣ ኡስታ?»

«ከሸለቆው ጀምሮ ከኋላዬ የሚወጣ አንድ ሰው ነበር፣ ጎልናር ኻኑም። ዝምተኛ ነው። መንገድ ስለቅለት እምቢ አለኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው።»

«ስንት ጊዜ ለመኑት?»

«ሁለቴ።»

ኡስታ ራጃብ የከተማችን ሰው ናቸው፤ ካቻምና የሆነውን ያውቃሉ። ቃሉ ከአፋቸው እንደ ወጣ ፊታቸው ተለወጠ። ጓጉንቸሩን ጣውላው ላይ አኖሩ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ደጃፉ ላይ ቆመውም «በሞቴ፣ ልጄ፣ ግባ» አሉ።

በሩን ክፍት ትተን ተቀመጥን። ምድጃው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ማናችንም ሙቀቱ ወጣ አላልንም። ሦስት ብርጭቆ ሻይ ቀዳሁ። ከዚያ የሆነውን ወይም ያልሆነውን አልጽፍልዎትም፤ ለቃለ ጉባኤ የሚመች አይደለም። ከመውረዳችን በፊት ግን ኡስታ ጓጉንቸሩን ሊያስሩበት ባመጡት መፍቻ ማስታወቂያውን ፈቱልኝ። ማስታወቂያው ከነብሎኖቹ፣ ጓጉንቸሩም ከነቁልፉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። መልሰው እንዲታሰሩ ካዘዙ ሌላ ብረት ሠሪ ይፈልጉ፤ ኡስታ አልወጣም ብለዋል። በምትካቸው ከሐሙስ ጀምሮ አንድ መመሪያ ብቻ እንዲጸና በትሕትና እጠይቃለሁ። ያንኳኳ ሁሉ፣ ማንም ይሁን፣ ሦስት ጊዜ ይጋበዝ፤ ሦስተኛው ላይ እምቢ ካለም በእጅጌው ተጎትቶ ይግባ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ የማይቀደድ ድንኳን፣ በሩን የሚከፍትልዎ ጎረቤትም እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣

ሁልጊዜ ታዛዥዎ፣ ከግድግዳው ጥግ የተኛችው አባልዎ
ጎልናር ዛርጋር

በኋላ የታወሰኝ፦ በማኅበሩ የቴሌግራም ገጽ ሐሙስ የምንወጣው ዐሥራ ሁለት ነን ተብሎ ተለጥፏል። ዐሥራ ሦስት ተብሎ ይታረም። ለክቡርነትዎ ከበሩ አጠገብ ያለውን ጣውላ ይዤልዎታለሁ። እምቢ እንደሚሉ አውቃለሁ፤ አንዴ ይበሉ፣ ሁለቴም ይበሉ። ሦስተኛውን እኔ ራሴ ቤትዎ ድረስ መጥቼ፣ በርዎን አንኳኩቼ እልዎታለሁ።